ጅኒው ሲታይ ፍርሃቱ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ በአነስተኛ ገንዘብ የሠራነውን የጅኒ ፊልም ለሰፈር ሰው አሳይተን አስተያየት ተቀበልን። ብዙዎቹ «መጀመሪያው ያስፈራል፤ ጅኒው ሲመጣ ግን ፍርሃቱ ጠፋ» አሉ። ንግግሩ አይሰማም፣ የሌሊቱ ምስል ይርገበገባል ያሉም ነበሩ። ምን እናስተካክል?
ከደሴ፣ ፒያሳ

መልስ፦ ተመልካቾቻችሁ በትክክል አይተዋል። ጭምብል በሙሉ ብርሃን ሁለት ሦስት ሰከንድ ከቆየ ዓይን ስፌቱን መፈለግ ይጀምራል፤ የሚያስፈራው መጠበቁ ነው። ስለዚህ ጅኒውን ከፊልሙ ቁረጡት። በሩ ገርበብ ሲል፣ ከዚያ የልጅቷን ፊት፣ ከዚያ ባዶውን ጨለማ አሳዩ። በ15,000 ዶላር ገደማ በዳይሬክተሩ ቤት የተሠራው «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተባለው አስፈሪ ፊልም ያን ሁሉ ሰው ያስፈራው በሚንቀሳቀስ በርና በሚገለጥ አንሶላ ነው።

መርገብገቡ ከአምፖሉ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለአንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጋችሁ ቅረጹ። ርካሽ አምፖል እንዲህም ሆኖ ሊርገበገብ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሞክሩት። የደጁን ሌሊት ደግሞ በድቅድቅ ጨለማ አትቅረጹ፤ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ያሉት 20 ደቂቃዎች ይበቃሉ፣ የጦሳ ተራራ ጫፍም ከሰማዩ ተለይቶ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ግን ድምፁ ያሳስበናል። ደብዛዛ ምስል ይታለፋል፣ የማይሰማ ንግግር አይታለፍም። ትንሿን ማይክ ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ደረት ላይ ሰኩ፤ ደጅ ላይ ለነፋሱ ፀጉራማ ሽፋን አልብሷት። በየክፍሉም ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ ቅዱ። ያ ዝምታ በቅንብር ጊዜ ከንግግሩ ሥር ካልተነጠፈ ድምፁ በየቁርጡ ይበጣጠሳል።