ያልሠሩበትን ሙያ ማስተማር

ውድ እኅቴ፣ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ በማዕረግ ተመርቀሽ ያስተማረሽ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ሊያስቀርሽ እንደሚፈልግ፣ አባትሽ ግን «ለመጽሐፍ ጠባቂነት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» እያሉ ባንክ እንድትገቢ እንደሚገፋፉሽ፣ አንቺም በቤተ መጻሕፍት ሳትሠሪ ካታሎግ (የመጻሕፍት አመዘጋገብ) ማስተማሩ እንደሚያስፈራሽ፣ የላቦራቶሪ እጥረቱ፣ መስኩን ሳይመርጡ የሚመደቡት ተማሪዎችና የመውጫ ፈተናውም እንደሚያሳስቡሽ ጽፈሻል።

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ በዚህ ሙያ መምህራን ላይ ከሚደርሱት ችግሮች ሁሉ የሚብሰውም ይኸው ይመስለኛል። በ1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከተቋቋመ ወዲህ መስኩ እያደር ወደ ኮምፒውተር አዘንብሏል፤ ተማሪ ሆኖ ከተቀመጠበት ወንበር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው የሚሄደው ወጣት መምህርም የውጭ አገሩን መማሪያ መጽሐፍ እንዳለ ከማስተላለፍ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። መጽሐፉ የደራሲውን የቤተሰብ ስም አስቀድሙ ይላል፤ የእኛ ደራሲ ግን የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፣ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። «ፀሐይ»ን አንዱ በጸሎቱ «ጸ»፣ ሌላው በ«ሃ» ስለሚጽፈው ፍለጋው መጽሐፉን ሳያገኝ ይቀራል፤ በእኛ አቆጣጠር የታተመበትን ዓመት ሳያስተውል እንደ ፈረንጅ ዓመት የመዘገበ ሰውም መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ከመጽሐፍ ክምር ፊት መቀመጥ ነው፤ እኔም ወደ ማስተማር የገባሁት ካታሎግ ክፍል ውስጥ ከሠራሁ በኋላ ነበር።

ስለዚህ ቦታውን ተቀበይ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት የሳምንቱን ግማሽ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ክፍል እንድትሠሪ ጠይቂ። እንቢ ካሉሽ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረሽ፣ ሁለተኛ ዲግሪሽን ይዘሽ ብትመለሺ ይሻላል እላለሁ። የላቦራቶሪ እጥረቱን በተመለከተ፣ የቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚካሄድበት ኮሃ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ ፈቃድ መግዛት አያስፈልገውም፤ አንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ክፍሉ በሙሉ በኔትወርክ እየገባ ሊለማመድበት ይችላል። ሳይመርጡ የተመደቡልሽ ተማሪዎችም ቢሆኑ በእጃቸው ሲሠሩ ልባቸው ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ግን ከአሁኑ ሊያስጨንቅሽ አይገባም።

አባትሽን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልናገር። የረዳት ምሩቅ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወላጅ ለመጦር አይበቃም፤ ታናናሾችሽን የምታስተምሪው አንቺ ከሆንሽ ባንኩን ምረጪ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያስጨንቃቸው ጎረቤት የሚለው ከሆነ ግን ተሳስተዋል፤ ጠዋት ተነሥታ ወደ ሥራው የምትሄደው ልጃቸው እንጂ ጎረቤታቸው አይደለም፣ ይህንንም በአክብሮት ልትነግሪያቸው ይገባል።

ለክፍል ኃላፊው የምታቀርቢው ጥያቄ በጽሑፍ ይሁን፣ የኮርስ ድልድሉም ከመውጣቱ በፊት ይድረሳቸው፤ ድልድሉ አንዴ ከወጣ በኋላ የጀማሪ መምህር ጭነት ለመቀነስ የሚስማማ ኃላፊ እምብዛም አይገኝም።