ደሴን በስሟ ጥራት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብሁት። ጉም በዋጣትና በየቀኑ በምትፈርስ ከተማ ውስጥ አንድ መርማሪ ከመናፍስት ጋር እየተጋፋ ገዳይ የሚፈልግበት ልብ ወለድ ጀምረሃል። ከተማዋ ደሴ ናት፤ «ስሟን ልለውጠው ወይስ በስሟ ልጥራት? ደም መጣጮቹንስ ምን ላድርጋቸው?» ብለሃል። እኔ ይህንኑ ዓይነት መጽሐፍ ጽፌ በገዛ ገንዘቤ ያሳተምሁ የደሴ ልጅ ነኝ። አንተም እንደ እኔ በደመወዝ የምትኖር፣ ሌሊት የምትጽፍ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሆነ አሳታሚ የሌለህ ሰው እንደሆንህ ቆጥሬ ነው የምመልስልህ።

አንደኛ፣ ስሟን አትንካ። የእኔን ረቂቅ ያየ አንድ አሳታሚ «ማንም የማያውቃት ምናባዊ ከተማ አድርጋት፤ ገበያው ይሰፋልሃል» ብሎኝ ነበር። የሌለች ከተማ ብትፈርስ ማን ይደነግጣል? አንባቢ የሚደነግጠው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ታክሲ የሚጠብቅበትን ጥግ አውቆት፣ እዚያው ጥግ ላይ ሬሳ ሲያገኝ ነው። ረቂቄን ይዤ ወጣሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ ደሴን ረግጧት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደግሞም ደሴ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨምቃለች። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ከፊትህ የሚመጣውን ሰው በእግሩ ኮቴ ነው የምታውቀው። ከሥሯ ያለው ሸክላማ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ትናንት የተዘጋ በር ዛሬ አልዘጋ ይላል፤ ግድግዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣል። የቦርከና ወንዝ የከተማዋን ቆሻሻና ምሥጢር ጠራርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አንተ በላክኸው ናሙና ላይ ከተማዋ የምትፈርሰው እንዲሁ ለድባብ ያህል ነው። እንዲህ አይሆንም። የምትፈርስበት ምክንያት ይኑራት፤ ምክንያቱም ከወንጀሉ ጋር ይገናኝ።

ሁለተኛ፣ ደም መጣጮቹን በክብር ሸኛቸው። ወሎ ተቀምጦ መንፈስ ከውጭ ማስመጣት ምን የሚሉት ነገር ነው? ዛሩ፣ አውሊያው፣ ቡዳው፣ አድባሩ እያለ! እነዚህ ሕግ አላቸው። ለመንፈሱ የሚሰጠው መሥዋዕት፣ ቦረንቻው፣ ካልታረደ፣ ቡናው በቀኑ ካልተፈላ፣ ስለቱ ካልገባ መዘዝ አለው። ለመርማሪ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ መሠረት አላየሁም፤ ውል ካለ ውል አፍራሽ አለ፣ ውል አፍራሽ ካለ ተጠርጣሪ አለ። የእኔ ሰውዬ ከፖሊስነት የተባረረ ሃምሳ አለቃ ነው። አያቶች ተስለው ያልከፈሉትን ስለት ለልጅ ልጆች እየፈለገ ይኖራል፤ ስለቱ ያልገባ ቤት ደግሞ ከነመሠረቱ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። የመሬቱ መንሸራተትና ግድያው አንድ ምንጭ አላቸው ማለት ነው። ይህች ሐሳብ የእኔ ናት፤ አንተ ሌላ ፈልግ።

ነገር ግን ወዳጃውን የጥንቆላ ትርኢት እንዳታደርገው። ወዳጃ የዱአ ጉባኤ ነው፤ እጣን ጨሶ፣ ጫት ተይዞ፣ ቡና ተፈልቶ ለታመመውም ለራቀውም የሚለመንበት። በመጀመሪያው ረቂቄ ገዳዩ ከዱአው መሐል ተነሥቶ ነበር የሚወጣው። ምዕራፉን ለጎረቤታችን ለእማማ አነበብሁላቸው፤ ዱበርቲ፣ ማለትም ዱአ የሚያደርጉ እናት ናቸው፤ ዱአቸው የተሰማ ነው ይባላል። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው «ልጄ፣ ዱአ ላይ የተቀመጠ ሰው አይገድልም። ከዱአው የቀረው ሰው ይግደልልህ» አሉኝ። መጽሐፉን ያዳነው ይህ ቃል ነው። የቀረው ማን ነው? ለምን ቀረ? ከዚያ በኋላ ሦስት ምዕራፍ ሳልቆም ጻፍሁ። አዲስ አበባ ያለው አርታኢ ግን ይህንኑ ክፍል «ይታጠር» ብሎ በቀይ አስምሮበት መለሰልኝ። አላሳጠርሁትም።

ሦስተኛ፣ ዘመኑን ምረጥ። ደሴ ለጨለማ ታሪክ ዘመን አላጣችም። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። እኔ የመረጥሁት 1965ን ነው። ረሃብተኛው ከየገጠሩ ወደ ዋናው መንገድ እየወጣ ሲወድቅ፣ ሹማምንቱ ደግሞ ነገሩ እንዳይሰማ ሲያፍኑ የነበረበትን ዓመት። ሁሉም አይቶ ሁሉም አላየሁም የሚልባት ከተማ ለመርማሪ ምን ትመስላለች፣ አስበው።

ለዚህ ዘመን ስል ነው እንግዲህ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሄድሁት። አንድ የቆየ ሕንፃ ውስጡን ለማየት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልሁ። ኃላፊው እንድቀመጥ እንኳ አልጋበዘኝም። የራስ ጠጉሬ ሸብቷል፤ እሱ ልጄ ቢሆን አያንስም፤ «አንተ» እያለ ነው የሚያናግረኝ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ልብ ወለድ ነው። ደሴ ውስጥ የሚፈጸም ግድያ።»

«እኛ ደሴን የፍቅር ከተማ ብለን ነው የምናስተዋውቃት። ገጽታ ታበላሻለህ። ረቂቁን አምጣና ታይቶ ይፈቀድልሃል።»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ እንደሚከለክል ነገርሁት። «ሕገ መንግሥቱን እዚህ አታምጣብን» አለኝ። እውነቱን ነው የምልህ፣ ይህችን አነጋገር ቃል በቃል ወስጄ በመጽሐፌ ውስጥ ባለው በ1965ቱ የቢሮ ጸሐፊ አፍ አስገባኋት፤ አንባቢዎች ሲስቁባት ሰምቻለሁ። ሕንፃውን ግን በደብዳቤ ሳይሆን በዘበኛው መልካም ፈቃድ ነው ያየሁት። እንደ ኃላፊው ያለ ሰው ሲገጥምህ ረቂቅህን እንዳትሰጥ። ልብ ወለድ ለማሳተም የማንም ቢሮ ፈቃድ አያስፈልግም። የቅጂ መብትህም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን እንደፈጠርህ የአንተ ነው፤ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ መብቱን አይሰጥህም። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሄደህ የምታወጣው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ ችግር አልገጠመኝም።

አራተኛ ልል የነበረው ስለ ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀት በየወሩ ስለሚወደድ ዋጋውን በጽሑፍ አስይዝ፣ በቃ። የሚያቃጥለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የአዲስ አበባው አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን ለራሱ አድርጎ፣ የቀረውን «እንደተሸጠ» ሊከፍለኝ ተስማማን። ካርቶኖቹን በአይሱዙ ጭኜ ላክሁ። ደሴ ውስጥ በእጄ የሸጥሁት፣ በየካፌው፣ በየትምህርት ቤቱ በር፣ በሠርግ ሳይቀር፣ ቶሎ አለቀ። አንድ ሹፌር ሌሊት ጎማ ሲቀይር መናፈሻ ሰፈር አካባቢ የሚፈጸመውን ምዕራፍ አስታውሶ ሥራውን ጥሎ መኪናው ውስጥ እንደገባ ራሱ ነግሮኛል፤ ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት አልፈልግም። ከአዲስ አበባ ግን ዝምታ። ስደውል «አልተሸጠም» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለች እህቴ መጽሐፍ መደብሮቹን ዞራ ብትጠይቅ «አልቋል» አሏት። እንግዲህ ሲሶውን ተስማምተን የነበረ ሰው ሦስቱንም ሲሶ ወሰደ ማለት ነው።

ስለዚህ በየወሩ ሒሳብ የሚተሳሰብበት ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውን ሳይከፍል ሁለተኛውን ጭነት አትላክ። ባለፈው ሰሞን እንደገና ደወልሁለት። ጤንነቴን፣ የልጆቼን ደህንነት፣ የደሴን ብርድ ሁሉ በትሕትና ከጠየቀኝ በኋላ፣ «ሰዎች እየጠየቁኝ ነው፤ ሁለተኛውን እትም መቼ ነው የምታመጣልኝ?» አለኝ።