«የትኛውን ኦሎምፒክ ልይ?» ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። የለጠፍከውን ጥያቄ አየሁት። የጃፓናዊውን የበረዶ ስኬተር የዩዙሩ ሃንዩን አጭር ቪዲዮ አይተህ ልብህ ተሰቅሏል፤ በኦሎምፒክ ከተደረጉት የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ (በረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበት) ውድድሮች የእኛ ምርጥ የቱ እንደሆነ፣ አንተስ ከየቱ ብትጀምር እንደሚሻል ጠይቀሃል። ፒያሳ አካባቢ ተከራይተህ እንደምትኖርም ጽፈሃል። ከሥር የተሰጡህን መልሶች በሙሉ አነበብኳቸው። አብዛኛው ሰው «የ2018ን የሃንዩን ፍሪ ስኬት ብቻ እይ፣ ይበቃሃል» ብሎሃል። እኔ በዚህ «ብቻ» የተጎዳሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አክሰል ምንድን ነው፣ ሳልኮ ምንድን ነው ወደሚለው የዝላይ ዓይነት ዝርዝር አልገባም፤ እያየህ ትለምደዋለህ።

1ኛ. ውድድሩ የሁለት ቀን ነው። ሾርት ፕሮግራሙ (አጭሩ) አንድ ቀን፣ ፍሪ ስኬቱ (ረጅሙ) ሌላ ቀን ይካሄድና ነጥቡ ይደመራል። ሾርቱን አትዝለል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሾርቱን አይተህ ማንንም አትቅበር። እኔ የቀበርኩትን ሰው ልንገርህ።

ጊዜው የካቲት 2010 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በፈረንጆቹ 2018፣ የፒዮንግቻንጉ። ከዚህ በታች የማነሳው የቫንኩቨሩ 2010 በፈረንጅ ስለሆነ እንዳይምታታብህ። ያኔ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረጃ ላይ፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ዲሹ የአከራዬ ነው፤ እትዬ ነው የምላቸው። አንተም መቼም ከአከራይህ ጋር ዲሽ ትጋራለህ፣ ስለዚህ ይገባሃል። «የስፖርቱን አንተ ከከፈልክ ሌሊትም ቢሆን ሳሎኑ ያንተ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ረቡዕ ጠዋት ሥራ ሳልገባ ፒያሳ ወደሚገኝ የዲሽ ክፍያ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ «የክረምት ኦሎምፒክ የሚያሳየውን» ብዬ ሁለት ጊዜ ነገርኳት፤ የደሞዜን ሩብ ከፈልኩ። «ማታ ይከፈትልሃል» አለችኝ።

ማታ አልተከፈተም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ደረሰኙን አይታ «የኳሱ ነው የተከፈተልህ፤ ኳስ አይበቃህም?» አለች። እኔ የጠየቅኩት ኳስ አይደለም፣ ይስተካከልልኝ ስላት፣ የዚያን ቀን ከሰዓት ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የመልቀቂያ ዜና ወጣ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቴሌቪዥን ዞረ። እሺ፣ ትልቅ ዜና ነው፤ እኔም ዞርኩ። ሰዓት አለፈ። እንደገና ስጠይቃት ሰው ፊት ጮክ ብላ «አገሩ እንዲህ ሆኖ አንተ በረዶ ላይ ለሚጨፍሩ ወንዶች ትጨነቃለህ?» አለችኝ። ወረፋ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጭፈራ አይደለም። በቀጭን ብረት ላይ ቆሞ አየር ላይ አራት ጊዜ ዞሮ በአንድ እግሩ የሚያርፍ ሰው ጨፋሪ ከተባለ፣ ሩጫም መንገድ መሄድ ነው። በመጨረሻ ተጨማሪ ካልከፈልክ አይከፈትም ተባልኩና ከፈልኩ። የመጀመሪያው ብር እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። አንተ ስትከፍል የቻናሉን ስም ደረሰኙ ላይ አስጽፈህ፣ እዚያው ቆመህ ቤት ደውለህ መከፈቱን ሳታረጋግጥ ከመስኮቱ እንዳትነሳ።

ዓርብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሾርቱ ተጀመረ። እትዬ ጋቢያቸውን ደርበው «ስንት ብር ያስከፈለህን ልየው» ብለው መጡ። ሃንዩ ከዚያ ከሦስት ወር በፊት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ከውድድር ርቆ የነበረ ልጅ ነው። ወጣ፣ 111.68 ነጥብ አመጣ። እትዬ «ይሄ ልጅ አጥንት የለውም እንዴ?» አሉ። አሜሪካዊው ናታን ቼን ግን ተሰባበረ። በዚያ የውድድር ዘመን ሁሉም ያሸንፋል ያለው የ18 ዓመት ልጅ አንዱንም ዝላይ በደንብ ሳይጨርስ 82.27 ይዞ 17ኛ ሆነ። እኔም «አለቀለት» አልኩ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። በፍሪ ስኬት 24ቱ ተወዳዳሪዎች ስድስት ስድስት ሆነው በቡድን ይወጣሉ፤ በሾርቱ ዝቅ ያሉት መጀመሪያ፣ ከላይ ያሉት መጨረሻ። ሁለት ቀን በዚያ ቢሮ ስንገላታ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ሳልተኛ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ለመጨረሻው ቡድን ብቻ ልነሳ ብዬ ሰዓቴን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሞላሁት። ተነሳሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ከላይ የሚመራው ሰው ስም ናታን ቼን ይላል። ስክሪኑ የተሳሳተ መሰለኝ። 215.08! እኔ ተኝቼ፣ እሱ በአንድ ፕሮግራም 6 ኳድ (አየር ላይ አራት ጊዜ የሚዞሩበት ዝላይ) ሞክሮ ነበር። በኦሎምፒክ ከእሱ በፊት ያንን ያደረገ የለም። የዚያን ቀን ፍሪ ስኬት ከፍተኛው ነጥብ የእሱ ነው፤ የሃንዩ እንኳ 206.17 ነው። ከ17ኛ ተነስቶ 5ኛ ወጣ፣ ከ4ኛው ከቻይናዊው ጂን ቦያንግ ያነሰው በ0.42 ብቻ ነው። ሙሉውን ያየሁት ከሳምንታት በኋላ በጓደኛዬ ስልክ ነው፣ ውጤቱን አስቀድሜ አውቄው። አንድ ዝላይ ሲመጣ ይወድቅ ይሆን ብሎ ትንፋሽ መያዝ ቀረብኝ። ያ ትንፋሽ ነው የከፈልኩበት! ሁለት ጊዜ ከፍዬ ማለት ነው።

የሃንዩን በቀጥታ አይቻለሁ፣ እሱ አይካድም። የመጨረሻዎቹ ዝላዮች ላይ እግሩ ሲደክም በግልጽ ይታያል፤ ሊወድቅ ደርሶ ራሱን ያዘ። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ያንን የተጎዳውን ቁርጭምጭሚት ነካው። ከዚያ ደጋፊዎቹ የሚወረውሩለት የድብ አሻንጉሊት ከየአቅጣጫው እንደ ዝናብ ወረደ። ድምሩ 317.85፤ የአገሩ ልጅ ሾማ ኡኖ 306.90፣ ስፔናዊው ሃቪየር ፈርናንዴዝ 305.24። የወንዶቹን ወርቅ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው ከዲክ በተን (1948 እና 1952) ወዲህ እሱ ነው፤ 66 ዓመት። እትዬ የፈርናንዴዝና የሃንዩ አሠልጣኝ አንድ ሰው መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ለማን ያለቅሳል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እና አሠልጣኙ ብራያን ኦርሰር የራሱ ታሪክ ስላለው ቀጣዩ ቁጥር እሱ ነው።

2ኛ. የ1988 ካልጋሪ። ኦርሰር በራሱ አገር፣ በመክፈቻው የካናዳን ባንዲራ ይዞ የገባ፣ ከአራት ዓመት በፊት ሳራዬቮ ላይ ብር የወሰደ ሰው ነው። ተቀናቃኙ አሜሪካዊው ብራያን ቦይታኖ፤ ሁለቱም ብራያን፣ ሁለቱም በፍሪው ወታደር መስለው ለብሰዋል። ቦይታኖ በዳኞች 5 ለ 4 አሸነፈ። አንድ ዳኛ! ቪዲዮው አሮጌ ነው፣ ዝላዩም ከዛሬው ያነሰ ነው፣ ግን የቦይታኖን ፍሪ አንድ ጊዜ ሳታቋርጥ እየው። ከዚያ የ2018ን ስታይ፣ ያ በአንድ ዳኛ የተሸነፈ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ በአጥሩ ጠርዝ ቆሞ የሁለት ልጆቹን ሜዳልያ ሲጠብቅ ታየዋለህ። ቆዳህ ይሾካል።

ቫንኩቨርን በተመለከተ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሳው ክርክር አለ፣ አቋሜን ልናገር። አሜሪካዊው ኤቫን ላይሳቼክ 257.67፣ ሩሲያዊው ኤቭጌኒ ፕሉሼንኮ 256.36። ልዩነቱ 1.31 ነው። ፕሉሼንኮ ኳድ ሠርቷል፣ ላይሳቼክ አልሠራም፤ ስለዚህ «ተሰረቀ» የሚሉ አሉ፣ ፕሉሼንኮ ራሱም በይፋ አማርሯል። እኔ ውጤቱ ትክክል ነው እላለሁ። በጊዜው ደንብ በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የተሠራ ዝላይ 10 በመቶ ጭማሪ አለው፤ ላይሳቼክ ከባዶቹን እግሩ ከደከመ በኋላ አስቀመጣቸው፣ ፕሉሼንኮ ግን አብዛኛውን መጀመሪያ ላይ ጨረሰ። የፕሉሼንኮን ማረፊያዎችም አስተውል፤ አየር ላይ ስንት ጊዜ ሰውነቱ ተዛብቶ በጉልበት እንዳዳነው ታያለህ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ያየ ሰው፣ ትንሽ ልዩነት ስለሆነ ብቻ ስርቆት ነው አይልም። በነገራችን ላይ የእኛ ሮቤል ተክለማርያም በዚያው ቫንኩቨር፣ ከዚያ በፊትም በ2006 ቱሪን፣ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። «ይሄ የእኛ ነገር አይደለም» ለሚልህ ሰው ንገረው።

የ2006ቱን የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ ለጊዜው ተወው፤ ፕሉሼንኮ በ27.12 ነጥብ ስለበለጠ ልብ የሚሰቅል ነገር የለውም። የ2002ቱን የሩሲያዊውን የያጉዲንን ግን ከፍተኛው ነጥብ 6.0 በሆነበት በድሮው አሰጣጥ የተደረገ የመጨረሻው ኦሎምፒክ ስለሆነ እየው። በዚያው ኦሎምፒክ በጥንዶች ውድድር ላይ የተነሳው የዳኝነት ቅሌት ነው የነጥብ አሰጣጡን ያስቀየረው።

ሶቺ 2014 ላይ ሃንዩ በ19 ዓመቱ በሾርቱ 101.45 አምጥቶ፣ በፍሪው ሁለቴ ወድቆም አሸነፈ፤ ካናዳዊው ፓትሪክ ቻንም ስህተት አብዝቶ ዕድሉን ስላልተጠቀመበት። ብዙ ሰው «ደካማ ውድድር» ይለዋል። እኔ ግን ለነሐሱ ስል ደጋግሜ አየዋለሁ። የካዛክስታኑ ዴኒስ ቴን በሾርቱ 9ኛ ነበር። በፍሪው 171.04 አምጥቶ ሦስተኛ ወጣ። ይኸው ሌላ የተቀበረ ሰው። ይህ ልጅ በፈረንጆቹ 2018፣ ሐምሌ ላይ፣ በ25 ዓመቱ፣ አልማቲ ከተማ የመኪናውን ስፖኪዮ ሊሰርቁ የነበሩ ሌቦች ወግተው ገደሉት። ዜናውን ስሰማ ሠፈራችን ውስጥ ነበርኩ፣ ስፖኪዮ በየቀኑ የሚነቀልበት ሠፈር። እትዬ ለሁለት ቀን ስሙን እየጠሩ «እናቱን» ሲሉ ነበር።

ቤጂንግ 2022 ላይ ብልህ ሆንኩ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 3 ቀን 2014፣ ሐሙስ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ከመጀመሪያው ተወዳዳሪ ጀምሬ ተቀመጥኩ። እትዬም አብረውኝ። ሃንዩ በሾርቱ በረዶው ላይ የነበረ ቀዳዳ ብረቱን ይዞበት ዝላዩ ስለተበላሸ 8ኛ ነበር፤ ስለዚህ ፍሪውን የሠራው ከመጨረሻው ቡድን በፊት ነው። ሰዓቴን እንደ ድሮው ሞልቼ ቢሆን ኖሮ አራት ዙር ተኩሉን አክሰል ሲሞክር አላየውም ነበር። «ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ተነሳ፣ አክሰል ነው» ያሉት እትዬ ናቸው፣ ከእኔ ቀድመው። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ በዚህ እኮራለሁ። ወደቀ። ቴሌቪዥኑን «አይዞህ የኔ ልጅ» አሉት። ተነስቶ የቀረውን ሠራ፣ 4ኛ ወጣ። ናታን ቼን ደግሞ በሾርቱ 113.97፣ ድምሩ 332.60፣ ወርቅ። የቀበርኩት ልጅ ነው። አለቀስኩ።

እንግዲህ የእኔ ምርጥ ቤጂንግ ናት፣ ግን ለብቻዋ አይደለም። መጀመሪያ ፒዮንግቻንግን እይ፣ ሾርቱንም ፍሪውንም፣ ከዚያ ቤጂንግን፤ ሌሎቹን በፈለግከው ቅደም ተከተል። የኦሎምፒክ ይፋዊ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ብዙ ሙሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ርዕሱ ላይ ውጤት ስለሚጽፉ በስልክህ አትፈልግ፣ አንድ ጓደኛህ ይፈልግልህና ሊንኩን ይላክልህ። በቀጥታ ማየት ስትፈልግ ደግሞ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ሰዓት መሆን አለመሆኑን አረጋግጥ፤ በፈረንጅ ከጠዋቱ 4 ካለህ ለእኛ ከሌሊቱ 10 ነው። የ2030ው በፈረንሳይ አልፕስ ስለሆነ የሰዓት ልዩነቱ ሁለት ብቻ ነው፣ እንቅልፍ አያሳጣህም።

የ2018ቱን ፍሪ ስትጀምር ከመጀመሪያው ቡድን ጀምር። ናታን ወጥቶ ሲጨርስ አቁመውና እዚህ ጻፍልኝ፤ ስንተኛው ዝላይ ላይ ትንፋሽህን እንደያዝክ ማወቅ እፈልጋለሁ።