የሙዚቃ ዓምድ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ በአንድ አልበም ሁለት ቃና

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። ፒያኖ የምማረው በትርፍ ጊዜዬ ነው፤ ለልምምድ እንዲረዳኝም ከአሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ከማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም ጋር አብሬ እጫወታለሁ። በእኔ ሲዲ ላይ «ሶ ዋት» ከፒያኖዬ ጋር ልክ ይገጥማል። ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ሲመለስ ይዞት በመጣው የቆየ ሲዲ ላይ ግን ያው ሙዚቃ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስለሚሰማ ፒያኖው ቃኝ የሚያስፈልገው ይመስላል። ሁለቱንም በአንድ ማጫወቻ ብሞክራቸውም ልዩነቱ አልጠፋም። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ «ኦል ብሉስ» ላይ ስደርስ ሁለቱ ሲዲዎች እኩል መሆናቸው ነው። ምክንያቱን ብታስረዱኝ።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጆሮዎ አላታለለዎትም፤ ማጫወቻዎም ጥፋት የለበትም። ስህተቱ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1959 ኒውዮርክ በነበረው የኮሎምቢያ የ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ ውስጥ ነው። በዚያ ዕለት «ሶ ዋት»፣ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» እና «ብሉ ኢን ግሪን» ሲቀረጹ ዋናው መቅረጫ ከሚገባው ፍጥነት በጥቂቱ ዘግይቶ ይዞር ነበር። ዘግይቶ የተቀረጸ ክር በኋላ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ይፈጥናል፤ ቃናውም አብሮ ከፍ ይላል። ከፍታው ወደ ሩብ ድምፅ የሚጠጋ ብቻ ስለሆነ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ለሚያዳምጥ ሰው እምብዛም አይጎላም፤ እንደ እርስዎ መሣሪያ ይዞ አብሮ ለሚጫወት ግን ወዲያውኑ ይታወቃል፤ «ሶ ዋት» የቆመበት ሬ በፒያኖው ሬ እና ከእርሱ በላይ ባለው ጥቁር ቁልፍ መካከል ይወድቃልና። «ኦል ብሉስ» እና «ፍላሜንኮ ስኬችስ» የተቀረጹት በኤፕሪል 22 ቀን ሲሆን በዚያ ዕለት የመቅረጫው ፍጥነት ትክክል ስለነበር ሁለቱ ሲዲዎችዎ እዚያ ላይ ይስማማሉ።

አልበሙ በዚያው ዓመት በኦገስት በሸክላ ወጣ፤ የመጀመሪያው ገጽም ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ቃና ሲታተም ኖረ። ደግነቱ፣ በቀረጻው ዕለት ከዋናው መቅረጫ ጎን ሁለተኛ መቅረጫ ለመጠባበቂያ ይሠራ ነበር፤ እርሱም በትክክለኛው ፍጥነት ነበር የዞረው። በ1992 በወርቅ ሽፋን የወጣው ሲዲ የተሠራው ከዚህ መጠባበቂያ ክር ሲሆን፣ በ1997 ደግሞ ኮሎምቢያ ሌጋሲ በተባለው መለያ ሥር በተራ ሲዲ የወጣው ዳግም እትም እርማቱን ለሁሉም ገዢ አዳረሰው። ያን ጊዜ ብዙ ሰብሳቢዎች የወርቁን ሲዲ ያወደሱት ወርቅ ስለሆነ ነበር። በቅኔ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ የዚያ ሲዲ ወርቅ ሰሙ ነበር፤ እውነተኛው ወርቅ የተገለበጠበት ክር ነው። የሲዲው ብረት አሉሚኒየምም ይሁን ወርቅ፣ ማጫወቻው የሚያነበው ያንኑ ቁጥር ነው።

የእርስዎን ሲዲ ከወንድምዎ ለመለየት ፒያኖም አያስፈልግ ይሆናል። በ1997 የወጣው እትም ከአምስቱ ሙዚቃዎች በተጨማሪ ስድስተኛ አድርጎ የ«ፍላሜንኮ ስኬችስ»ን ሌላ ቅጂ ይዟል፤ በ1980ዎቹ የታተሙት ግን አምስቱን ብቻ የያዙ ናቸው። ያም ሆኖ የወንድምዎን ሲዲ አይጣሉት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ይህን አልበም ከሸክላ እየሰሙ የተማሩ የጃዝ ተጫዋቾች ሁሉ በጆሯቸው የቀረው ያ ከፍ ያለው ቃና ነው፤ ከእነርሱ ጋር ለመስማት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በዚያ አሮጌ ሲዲ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አራት ሲዲ በአንድ ማቀፊያ ውስጥ ሆኖ ስምንት የጃዝ አልበሞችን የያዘ ስብስብ በአንድ ሲዲ ዋጋ ይሸጣል። የኮልትሬንን፣ የሞንክንና የአርት ብሌኪን ገዝቻለሁ። ጓደኛዬ ግን «የተሰረቀ ነው» እያለ ይሳለቅብኛል። እውነት ነውን?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ በሚኖሩበት አገር የተሰረቀ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ለተቀረጸ ድምፅ የሚሰጠው ጥበቃ ለረጅም ጊዜ 50 ዓመት ነበር። በ2011 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ ወደ 70 ዓመት ያራዘመው ቢሆንም፣ በ2013 ሥራ ላይ ሲውል ጥበቃቸው ቀድሞ ያለቀባቸውን ቅጂዎች ወደ ኋላ ተመልሶ አላስነሣቸውም። በመሆኑም እስከ 1962 መጨረሻ ድረስ ለሕዝብ የወጣ ቅጂ በአውሮፓ ማንም አሳታሚ ሊያትመው ይችላል። ለጃዝ ሰብሳቢ ይህ እንዴት ያለ አጋጣሚ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ብዙዎቻችን ወርቃማ የምንለው ከ1955 እስከ 1962 ያለው ዘመን እንዳለ ከመሥመሩ ወዲያ ማዶ ወድቋል። ሮክ ግን በሩ ላይ ደርሶ ተመልሷል፦ የቢትልስ የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላ «ላቭ ሚ ዱ» በኦክቶበር 1962 ስለወጣ ነፃ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1963 የተከተለው «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» ግን ጥበቃ አለው። በአሜሪካ ሕጉ የተለየ ነው፤ እዚያ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ቅጂዎች ገና ጥበቃ ስላላቸው ስብስቦችዎን ወደዚያ ወስዶ መነገድ አይቻልም። የሙዚቃው ደራሲ መብትም ከቅጂው መብት የተለየ በመሆኑ፣ ቅጂው ነፃ ሲወጣ የሞንክ ድርሰቶች አብረው ነፃ አይወጡም።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የምንጩ ጉዳይ ነው። ዋናው ክር ያለው በመጀመሪያው አሳታሚ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እነዚህን ርካሽ ስብስቦች የሚያወጡ ድርጅቶች ደግሞ መጋዘኑን የሚያስከፍት ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ አንዳንዱ አልበም ቀደም ሲል ከወጣ ጥሩ ሲዲ የተገለበጠ ሲሆን፣ አንዳንዱ ከሸክላ ተቀድቶ የሸክላው መንቋቋት እንዳይሰማ በኮምፒዩተር ከመጠን በላይ የታጠበ ነው። የታጠበውን የሚያውቁት በከበሮው ሳህን ነው፤ ሳህኑ ሲመታ ማስተጋባቱ ረዝሞ በመጥፋት ፈንታ ውኃ እንደተረጨበት ፍም ሽሽ ብሎ ያልቃል። በአንዱ ስብስብ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ሊገኙ ስለሚችሉ፣ በጅምላ መልካም ወይም መጥፎ ማለት አልችልም። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ካለበት ደግሞ ከላይ የጠየቁትን አንባቢ የፒያኖ ፈተና ያድርጉለት፤ ከየትኛው እትም እንደተገለበጠ ራሱ ይናገራል።

የሚጎድልብዎ ሌላው ነገር በሲዲው ማቀፊያ ውስጥ የሚቀመጠው ጽሑፍ ነው። ማን እንደተጫወተ፣ መቼና የት እንደተቀረጸ የማይነግር ስብስብ ሙዚቃ ይሰጣል፤ ዕውቀት ግን አይሰጥም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸውን፣ የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን በተከታታይ ያወጡትን የኢትዮፒክስ ሲዲዎች፣ ለምሳሌ በ1998 የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን 4ኛ ቅጽ፣ ከፍቶ ያነበበ ሰው ዳግም እትም ምን ሊመስል እንደሚገባው ያውቃል። ለመቅመስ ርካሹን ይግዙ፤ የወደዱትን አልበም በኋላ ከዋናው ክር በተሠራው እትም ይተኩት።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ የምወዳቸውን የሮክ አልበሞች «ሪማስተር» (ድምፃቸው ለኅትመት እንደገና የተዘጋጀ) ተብለው እንደገና ሲወጡ ገዛኋቸው። ድምፃቸው ከድሮው ይልቅ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ይሰለቸኛል። እርጅና ነውን?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እርጅና አይደለም። ሲዲ ድምፅን የሚጽፍባቸው እርከኖች 65,536 ናቸው፤ ከዚያ በላይ ጣሪያ ነው። አንድን ሙዚቃ ጣሪያው ከሚፈቅደው በላይ ለማጉላት የሚቻለው ለስላሳውን ከፍ አድርጎ የኃይለኛውን ጫፍ በመጭመቅ ወይም በመቁረጥ ብቻ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚቆረጠውም የከበሮው ምት ነው። በዚህ ዓይነት የተሠራ አልበም ለአፍታ ያስደንቃል፤ የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለው ግን ጆሮ ይደክማል። የስቱጅስ ባንድ በ1973 ያወጣው «ሮው ፓወር» ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ አብዛኛውን ሚክስ ያደረገው፣ ማለትም የየመሣሪያውንና የድምፃዊውን ቅጂ አመጣጥኖ ያዋሐደው፣ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ሲሆን፣ በ1997 ድምፃዊው ኢጊ ፖፕ ራሱ እንደገና ሚክስ አድርጎ በጣሪያው ላይ ሰቀለው፤ በ2010 አሳታሚው የቦዊን ሚክስ መልሶ አወጣ። «ባለቤቱ የሠራው የተሻለ ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሪማስተር ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። የቢትልስ አልበሞች በ1987 በሲዲ ሲወጡ የመጀመሪያዎቹ አራቱ በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር፣ ብቻ ነበሩ፤ በ2009 የወጡት ስቴሪዮና ሞኖ ስብስቦች በጥንቃቄ የተሠሩ በመሆናቸው፣ በተለይ የሞኖውን ስብስብ ያለ ማመንታት እንዲገዙ እመክራለሁ። ከመግዛትዎ በፊት ሽፋኑ ላይ ካለው «ሪማስተር» ከሚለው ቃል ይልቅ በጀርባው የተጻፈውን ዓመትና የባለሙያውን ስም ያንብቡ። አሮጌው ሲዲ ካለዎት ደግሞ አዲሱን ዝቅ፣ አሮጌውን ከፍ አድርገው በእኩል ድምፅ ያወዳድሩ፤ እኩል ካላደረጓቸው ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ጯሂው ነው።

ጥያቄ፦ ከአባቴ ሲዲዎች መካከል ሦስቱ ከጠርዛቸው ጀምሮ እንደ ነሐስ ቡናማ ሆነዋል። ማጽዳት ይጠቅማልን?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይጠቅምም፤ ቀለሙ የተቀየረው በውስጥ ነውና። ሲዲዎቹን ገልብጠው በመሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ የተቀረጸውን ይመልከቱ፤ በእንግሊዝ አገር የተሠሩ መሆናቸውንና ፒዲኦ የሚለውን ስም ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ፋብሪካ ከ1988 እስከ 1993 ካተማቸው ሲዲዎች ብዙዎቹ የተቀቡት መከላከያ ቅብ በማቀፊያው ወረቀት ውስጥ ያለውን ድኝ የማይቋቋም ስለነበር፣ ድኙ እየሰረገ የሚያንጸባርቀውን ብረት ይበላዋል። ጉዳቱ ከጠርዝ ወደ መሃል ስለሚሄድና ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚንጫጩት የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ናቸው። እነርሱ ገና በደህና የሚሰሙ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ኮምፒዩተር፣ በኤምፒ3 ሳይሆን ምንም በማይቀንሰው በፍላክ፣ ይገልብጧቸው፤ ሲዲዎቹንም ከወረቀታቸው ለይተው ያስቀምጡ።