«ቅጠል ይዞ ለመውጣት ነው አራት ዓመት የተማርሽው?»

ደባርቅ አካባቢ ያደገች፣ ዘንድሮ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የተመረቀች ልጅ ናት የጻፈችልኝ። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ሲቃጠሉ አባቷ ከአገሩ ሰው ጋር ወጥተው፣ በሦስተኛው ቀን ቅንድባቸው ተለብልቦ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ልቧ እሳት ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏንም በሰደድ እሳት ላይ ሠርታ፣ አሁን በአንድ ጥብቅ ቦታ የኮንትራት ሥራ አግኝታለች። አጎቷ ደግሞ ጎንደር ባንክ አስገብተዋታል፤ የቀራት ፊርማ ነው። አባቷ የርዕሱን ጥያቄ ጠየቋት። እናቷ ተራራ ለሴት ልጅ አይሆንም ይላሉ። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ1992 ዓ.ም. ባሌ ሲቃጠል እኔም ተማሪ ነበርኩ። በአውቶቡስ ጭነው ሐረና ጫካ አወረዱን። የያዝኩት መሣሪያ የአባትሽ ዓይነት ነው፤ ቅጠል። ቀኑን ሙሉ ስንቀጠቅጥ ውለን፣ ጠፋ ብለን ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ነበልባል የለም፤ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ግን ቀጭን ጭስ ይወጣል። አንዱ ልጅ በዱላ ቆፈር ሲያደርገው ፍም ነው። የረገፈው ቅጠልና ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሲነድ አድሯል። እንዲህ ያለው እሳት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ ነው የሚቆመው፤ በቅጠል አይሞትም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ባለሙያ የመጣው ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ነው። ያን ዓመት ባሌና ቦረና ላይ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ተቃጠለ፤ መጨረሻ ላይ የገላገለን ዝናብ ነው። በእናንተም ጊዜ ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ፣ ባለሙያዎቹ ከእስራኤል ነበር የመጡት።

እንግዲህ ለአባትሽ የመጀመሪያው መልስ ይኸው። ግን እዚህ ላይ አታቁሚ። የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ማጥፋት አይደለም። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው።

እሳት የሚሄደው በሚያገኘው ማገዶ፣ በአየሩና በመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ይሮጣል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ያደርቅለታላ! አባትሽ ይህን በቅንድባቸው ተምረውታል። የሚለኩሰው ብዙ ጊዜ ሰው ነው፦ ማር ቆራጭ፣ ከሰል አክሳይ፣ መሬት የሚመነጥር ገበሬ፣ ለከብቱ ለጋ ሣር የሚፈልግ እረኛ። እኛ ደግሞ እረኛውን ጥፋተኛ ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። አስታን፣ ያን የደጋ ቁጥቋጦ፣ ታውቂዋለሽ። ላዩ ቢነድ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ለጋውን ከብት ይበላዋል። የባሌ እረኞች አስታውን በየተራ የሚያቃጥሉት ለዚህ ነው። ለጋ አስታ ደግሞ በቀላሉ እሳት አይዝም። ስለዚህ እዚህ የአምናው፣ እዚያ የቆየው ሲሆን፣ ለጋው የእሳት መከላከያ መስመር ይሆናል። ማቃጠሉ በደፈናው ሲከለከል አስታው ሁሉ አብሮ ያረጅና ይያያዛል። ያኔ አንዲት ክብሪት ተራራውን ሁሉ ትበቃዋለች። የሐረና ጫካ ግን እንዲህ አይደለም፤ እርጥብ ጫካ ነው፣ ከእሳት ጋር አልኖረም። ድርቅ አድርቆት ከነደደ ለመመለስ የሰው ዕድሜ አይበቃውም። ጽድም እንደ አስታ ከሥሩ አያቆጠቁጥም። ምዕራቡን ካየሽው ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ሣሩ በየበጋው ይነዳል፤ የዛፎቹ ቅርፊት ወፍራም ነው፣ ለምደውታል። የቱ ይቃጠል፣ የቱ ክብሪት እንዳያይ፣ መቼ፣ በማን እጅ? ይህን የሚወስን ሰው ነው አገሩ ያጣው።

አባትሽ ካላመኑ ስለ ዕጣን ንገሪያቸው። መተማ ላይ ያሉት የዕጣን ዛፎች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። ችግኙን በጋ እሳት ይለበልበዋል፣ የተረፈውን ከብት ይረግጠዋል፣ ትልቁ ደግሞ ዕጣን እንዲወጣው ያለ ዕረፍት ይደማል። ተተኪ የለም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ከሆኑ ይህ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የኮንትራቱ ደመወዝ ከባንኩ ያንሳል፣ አበሉም በሰዓቱ አይገባም። ልክ ነሽ፣ አላስዋብልሽም። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ በባንኩ ደመወዝ የታናሽ ወንድምሽ የግል ኮሌጅ ሊከፈል ታስቧል። ገና ያልፈረምሽበትን ደመወዝ ቀድመው አካፍለውታል! አጎትሽ ሁለት ሱቅ አላቸው ብለሻል። ኮሌጁን እሳቸው ይክፈሉ። አንቺ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ራስሽን ከቻልሽ በቂ ነው። ባንኩ በየዓመቱ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ይህ ኮንትራት ግን ካለፈ አለፈ።

እኔ ወረዳ ላይ ስድስት ዓመት በእግሬ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ሁሉ «አንተ ቦታውን ታውቀዋለህ» ተብሎ የመጣ ነው። ስለዚህ ወደ ተራራው ውጪ። ማታ ማታ ጂአይኤስ፣ በኮምፒውተር ካርታ መሥራትን፣ ተማሪ። ናሳ የሚቃጠለውን ቦታ በቀይ ነጥብ የሚያሳይበት ፈርምስ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው፤ በስልክም ይከፈታል። አንዷ ነጥብ 375 ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ቁራሽ መሬት ናት። ነጥቧ የት እንደነደደ እንጂ ለምን እንደነደደ አትነግርሽም። ለምኑን ማወቅ የምትችይው አንቺ ነሽ፤ ለእረኞቹ በቋንቋቸው «እንዴት ዋላችሁ» ማለት ስለምትችይ።

እናትሽን አንድ ቀን ይዘሻቸው ውጪና ካምፑን አሳዪያቸው። እንግሊዝኛው በንባብ ይመጣል።

የባንኩ ቀነ ገደብ ሰኞ ነው ብለሻል። ከዚያ በፊት ለአጎትሽ ራስሽ ደውዪላቸው፣ አመስግኚያቸው፣ አልፈርምም በያቸው። በአባትሽ በኩል አይሁን።