«ነፃ ነኝ» የሚለው ወረቀት ስለ ትናንት አያውቅም

ውድ ልጆቼ፣

ወላጆቻችሁ ኤድስን የሚያውቁት በዓይናቸው አይተው ነው። ጎልማሳው ከስቶ አልጋ ላይ ሲቀር፣ በየሰፈሩ ድንኳን ሲተከል ያዩ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያ ሁሉ ከዓይን እየራቀ ሄደ። ለእናንተ የደረሳችሁ ወሬው ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ዛሬም በሽታውን የምትፈልጉት ክሳት ላይ ነው፤ «እሷ እኮ ጤነኛ ናት፣ አታያትም?» ትባባላላችሁ። ቫይረሱ ግን ሕክምና ባልጀመረ ሰው ደም ውስጥ ስምንት፣ አሥር ዓመት ያለ ምልክት ሊቀመጥ ይችላል።

ከመልክ ቀጥሎ የሚታመነው ወረቀት ነው። ሁለት ፍቅረኛሞች ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ጣታቸውን ይወጋሉ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቀው «ኔጌቲቭ» ተብለው ይወጣሉ። ማታውኑ ኮንዶም ይቀራል። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፈጣኑ ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ፀረ አካል ነው። እሱ ደግሞ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴ እስከ 3 ወር ይፈጃል። ሐኪሞች ዊንዶ ፔሬድ የሚሉት ይህን ጊዜ ነው። የከፋው ነገር፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ የሚበዛው በእነዚያው የመጀመሪያ ሳምንታት መሆኑ ነው። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዕጢ እብጠት ሊኖር ይችላል። «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይወሰዳል፣ ሕመሙም ይተዋል፤ የተወው ግን በራሱ ጊዜ ነው። ያ ሰው በዚያ ሳምንት ቢመረመር ነፃ ነህ ሊባል ይችላል፣ በቀላሉ የሚያስተላልፈውም ያኔ ነው።

ስለዚህ አብራችሁ ተመርመሩ፣ 3 ወር ኮንዶም ሳታጓድሉ ተጠቀሙ፣ ከዚያ አብራችሁ ድጋሚ ተመርመሩ። በመሃል ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት ከተፈጸመ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አለ ብሎ ካሳየም በእሱ ብቻ አትደናገጡ፤ ውጤቱ የሚነገረው በሌሎች ዓይነት መመርመሪያዎች ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ኮንዶም ሲቀደድ ብዙ ሴቶች የሚሮጡት ፋርማሲ ነው፤ ፖስትፒል ይገዛሉ። እርግዝናው እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ፖስትፒል ግን ኤችአይቪን አይከላከልም። ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ከተጋለጡ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ በየቀኑ ለ28 ቀን የሚዋጥ ነው። ቫይረሱ በገባበት ቦታ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው በሰውነት ውስጥ የሚሰራጨው፤ መድኃኒቱም ሳይስፋፋ እንዳይራባ ያግደዋል። ስለዚህ በ2 ሰዓት የጀመረና በ70 ሰዓት የጀመረ እኩል አይደሉም። አርብ ማታ የተጋለጠ ሰው «ማክሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ» ካለ ጊዜው አብቅቶ ይሆናል። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቅዳሜና እሑድም ክፍት ነው፤ የሆነውን በግልጽ ንገሩ፣ ሰዓቱን ጭምር። በተለይ ተገድዳ የተደፈረች ልጅ ይህን መድኃኒት ሳትወስድ ሌሊቱ እንዳያልፍባት፣ አብሯት ያለ ሰው ይውሰዳት።

«የወባ ትንኝ ኤችአይቪን ታስተላልፋለች ወይ?» ተብሎ ዛሬም ይጠየቃል፤ አታስተላልፍም። ትንኝ ስትነክስ የምትረጨው ምራቋን ነው፤ የጠጣችው ደም ውስጥ ያለው ቫይረስም ሆዷ ውስጥ ይፈጫል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበሩ። ትንኝ የምታስተላልፈው ቢሆን ኖሮ ወባ የሚበዛበት ገጠር ይብስ ነበር፣ ሕፃናትም ቀድመው ይያዙ ነበር። ጉርሻም፣ አንድ መሶብ መቅረብም፣ መተቃቀፍም አያስተላልፍም።

ቫይረሱ በደማችሁ ያለባችሁ ልጆችም ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቀን አንድ ክኒን ነው። በአግባቡ ከተወሰደ በአብዛኛው ሰው ላይ በ6 ወር ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። እዚያ ደርሶ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚኖር ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በመልካቸው አምናችሁ ከምትቀርቧቸው ሰዎች ይልቅ የእሱ ሁኔታ በምርመራ ተለክቶ የታወቀ ነው፤ ሌሎቻችሁ አታግልሉት። የሚያበላሸው «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ነው። ያኔ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ጸበል መጠመቅ ክኒኑን አያስተውም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናግረዋል። ዶሉቴግራቪር የሚባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ያለበት ክኒን ያለ ምግብም በውኃ ብቻ ሊዋጥ ይችላል፤ ጾም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ከሐኪማችሁ ጋር ተማክራችሁ ሰዓቱን ወደ ማታ አዙሩት። የደም ማነስ ክኒን ወይም የጨጓራ አሲድ የሚያረክስ መድኃኒት (አንታሲድ) የምትወስዱ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት አስቀድሙ፣ ወይም 6 ሰዓት አዘግዩ።

ኮንዶሙን ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወራት አታቆዩት፣ ሙቀት ያደርቀዋል። ቀኑን እዩ፣ በጥርስ አትክፈቱ፣ ጫፉን ቆንጥጣችሁ አየሩን አስወጡ። ቫዝሊንና ቅባት ላስቲኩን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሳዋል፤ ሁለት መደራረብም እርስ በርሱ እየተፋተገ ሊቀደድ ይችላል።