ለደሴ ልጆች፦ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃላችሁን አስመዝግቡ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። እኔ ደሴ ላይ በጥብቅና ስሰራ ኖሬ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ወሬያችሁን እሰማለሁ፣ ደጋግማችሁ ምትሉት ነገር ደግሞ "ፖሊስ ጋ ሄደህ ምን ልትጠቀም፣ ስልኩ እንደሆነ ሄዷል" ነው። እኔ ፖሊስን እመኑ ልላችሁ አደለም፣ እምነት በምክር አይመጣም። ግን የት ጋ እንደሚጠፋ ስላየሁ ነው፣ ተረኛው ፖሊስ ጠረጴዛ ጋ ነው ሚጠፋው።

ሰኞ ገበያ ግርግር ውስጥ ስልኩን ያጣ ልጅ ጣቢያ ገባ እንበል። ተረኛው ቀና እንኳን ሳይል "ማን ሰረቀህ?" ይለዋል። "አላውቅም።" "እና ማንን እንያዝልህ? ስታገኘው ጥራን።" በቃ ልጁ ይወጣል፣ ማታ ሰፈር ላይ ያወራዋል፣ የሰሙት ሁሉ በተራቸው ሲሰረቁ ጣቢያ አይሄዱም። ጣቢያው ደግሞ መዝገቡን ሲገልጥ ሰኞ ገበያ አማን ነው፣ ስርቆት የለም፣ በወረቀት አማን ለሆነ ቦታ ታዲያ ማን ሮንድ ይመድባል?

ህጉ እንዲህ አይልም። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ህግ በአፍ የቀረበን አቤቱታ የተቀበለው ሰው በፅሁፍ ያስፍር፣ ለአመልካቹ ያንብብለት፣ ቀን ይፃፍበት፣ ይፈረምበት ነው ሚለው። መረጃው አጠራጣሪ ቢመስል እንኳ ፖሊስ መመርመር አለበት ይላል። ሌባውን ይዘህ ና ሚል አንቀፅ እኔ አላየሁም።

በስራ ዘመኔ አንድ ሳጅን ነበር፣ ስሙን አልጠራም። አንዲት ጎመን ሻጭ እናት ቃሏን ስትሰጥ አጠገቧ ነበርኩ፣ ማንበብ አትችልም፣ እሱ ፅፎ ጨረሰና ቀስ ብሎ አነበበላት። "ደበደበኝ" ሚለው ጋ ሲደርስ "ኧረ ገፈተረኝ ነው ያልኩህ የኔ ልጅ፣ አልዋሽም" አለችው፣ ሳይቆጣ ሰርዞ እንደገና ፃፈና አሻራዋን አስደረገ። ከዛ ወዲህ የገበያው ሴቶች ጣቢያ ሲመጡ "ያ ሳጅን አለ?" ነበር ጥያቄያቸው። ሌላ ዘመቻም ስብሰባም አላስፈለገውም። በርግጥ የነሱንም ችግር አውቃለሁ፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ነዳጅ የለም ብለው ተበዳዩን "ባጃጅ ይዘህ ና" ሚሉበት ቀን አለ፣ ያሳፍራል ግን ሁሌ ከክፋት አደለም።

የናንተስ? ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም በአዋጅ ከመቋቋሙ በፊት አያቶቻችን አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፣ የአካባቢው ሰው ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ሰው ወደቤቱ አይሄድም፣ አስቸጋሪ ነገር ነበር፣ ይመለስ አልልም። ዛሬ ግን ቢላ ሲመዘዝ ቪድዮ ሚቀርፀው ሁሉ ምስክር ሁን ሲባል ይበተናል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ በ2003 ወጥቷል ግን ለከባድ ወንጀል የታሰበ ነው፣ ለስልክ ሌባ ጠባቂ ሚያቆምላችሁ የለም። ስለዚ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ያያችሁት ሁላችሁም አንድ ላይ ሂዱ።

ጓደኛችሁ ከታሰረ ደግሞ ስንቅ ብቻ አታመላልሱ፣ ሰአቱን ያዙ፣ የ1987ቱ ህገመንግስት ሚለው በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ጮክ ብሎ መሳደብ አያስፈልግም፣ "ስንት ሰአት ተያዘ፣ መርማሪው ማነው" ብሎ በጨዋ አንደበት መጠየቅ ይበቃል፣ ሚጠየቅ ሰው ይጠነቀቃል።

በስልካችሁ ዛሬውኑ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ደውሉና ሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ፃፉት (ስልኩ ላይ አታስቀምጡት እሺ፣ እሱም አብሮ ይሄዳል)። ጣቢያ ስትሄዱ እሱን ይዛችሁ፣ ቃላችሁ ሲፃፍ ይነበብልኝ በሉ፣ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቁ። ተረኛው አልመዘግብም ካለ የጣቢያውን ሀላፊ አናግሩ፣ እሱም እንቢ ካለ አቤቱታ ለአቃቤ ህግም ይቀርባል፣ ቀኑን፣ ሰአቱንና የተረኛውን ስም ፅፋችሁ እዛው ውሰዱት።